ከመሬት በታች የሚሄደውን መርዝ የተከተለች ሴት፦ የሬቸል ካርሰን የሕይወት ታሪክ



ባለፈው ሰሞን በሳይንስ ማስተማሪያ ዘዴ ክፍለ ጊዜ አንድ ቀላል ሙከራ ሠርተን ነበር። የውሃ ፕላስቲክ ቂጡን ቆርጠን ዘቀዘቅነውና ከአፉ በኩል ጥጥ፣ በላዩ አሸዋ፣ በአሸዋው ላይ ደግሞ ጠጠር ሞልተን የደፈረሰ ውሃ አፈሰስንበት። ውሃው ጠርቶ ወረደ፤ እኛም አጨበጨብን። መምህራችን ቀጠሉና ጨው የሟሟበት ውሃ እንድንጨምርበት፣ የወረደውንም በጣታችን እንድንቀምስ አዘዙን። ለካ ጨው ጨው ይላል! አሸዋው ጭቃውን ያዘ እንጂ ጨውን አላስቀረም። በዚህ ጊዜ ከኋላ ወንበር አንድ ጓደኛችን እጁን አወጣና፣ አባቱ ስንዴ ላይ የሚረጩት ቱ ፎር ዲ የሚባለው የአረም መድኃኒት ዝናብ ሲጥልበት እንደ ጭቃው ከላይ ይቀራል ወይስ እንደ ጨው ወደ ታች ይወርዳል ሲል ጠየቀ። ደወል ተደወለ። ጥያቄውም በዚያው ቀረ።

ሰው ሁሉ ወደ ምሳ ሲሮጥ እኛን ግን ነገሩ ከነከነን። የጓደኛችን ቤተሰብ የሚጠጣው ከጉድጓድ ነው፤ ጉድጓዱም ከማሳው ግርጌ ነው። ቤተ መጻሕፍት ገብተን ስናገላብጥ ይህንኑ ጥያቄ ከ60 ዓመት በፊት በመላው አገሯ ፊት ያነሳች፣ በማንሳቷም ብዙ የተሰደበች አንዲት አሜሪካዊት አገኘን። ስሟ ሬቸል ካርሰን ይባላል። ስለ ዲዲቲ የጻፈች ሴት እየተባለች ስሟ በብዙ ቦታ ይጠቀሳል፤ ስለ ጉድጓድ ውሃ የጻፈችው ግን እምብዛም አይነሳም። ስለዚህ ታሪኳን ስናቀርብ ወደዚያው እናደላለን። ዓመተ ምሕረቱ፣ የእኛ ነው ካላልን በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ካርሰን የተወለደችው ሜይ 27 ቀን 1907 በፔንሲልቬኒያ ክፍለ ግዛት፣ በአሌጌኒ ወንዝ ዳር ባለች ስፕሪንግዴል በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ቤተሰቡ 26 ሄክታር ገደማ መሬት ነበረው፤ መሬት ነበረው እንጂ ገንዘብ አልነበረውም። ከሦስት ልጆች የመጨረሻዋ እሷ ናት። እናቷ ማሪያ ከማግባቷ በፊት አስተማሪ ነበረች፤ በዚያ ዘመን ያገባች ሴት ማስተማሯን እንድትተው ይጠበቅ ስለነበር ሥራዋን ተወች። ይሁንና አስተማሪ የሆነ ሰው ማስተማሩን ይተዋል እንዴ? ትንሿን ልጇን ይዛ በየዱሩና በየጅረቱ እየዞረች ወፉን በድምፁ፣ ቅጠሉን በቅርጹ አስለየቻት። እኛ ይህን ያነበብነው ስለ ትምህርት መርጃ መሣሪያ እጥረት ስናማርር በሰነበትንበት ሳምንት ነበርና ትንሽ አፈርን።

ልጅቷ መጻፍ ትወድ ነበር። በ11 ዓመቷ አንድ ታሪኳ በልጆች መጽሔት ላይ ታተመላት። በ1925 ፒትስበርግ ከተማ ወደሚገኝ የሴቶች ኮሌጅ ስትገባም ሐሳቧ ደራሲ መሆን ስለነበር እንግሊዝኛ ነበር የመረጠችው። እናትየዋ የልጇን የትምህርት ወጪ ለመሸፈን ፒያኖ ታስተምር፣ የቤቱን ዕቃ ሳይቀር ትሸጥ ነበር። ኮሌጅ ውስጥ ሜሪ ስኮት ስኪንከር የምትባል የሥነ ሕይወት አስተማሪ አጋጠመቻትና የልጅቷን አቅጣጫ ለወጠችው። ካርሰን በ1928 ትምህርቷን ወደ ሥነ ሕይወት አዛወረች፤ በ1929 በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀች። በዚያው በጋ ዉድስ ሆል በሚባለው የባሕር ምርምር ጣቢያ ስትሠራ ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ አየች። ስለ ባሕር የዓለምን ሕዝብ ያስተማረች ሴት እስከ 22 ዓመቷ ባሕር አይታ አታውቅም ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ወደ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ገብታ በ1932 በእንስሳት ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪዋን ያዘች። ዶክትሬቷን ጀምራ ነበር። ግን ዘመኑ ያ ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት የደረሰበት ነው፤ ወላጆቿ ከእሷው ጋር ይኖሩ ስለነበር ቤቱ ገቢ አጣ። በ1934 ትምህርቱን አቋርጣ ሥራ ፍለጋ ወጣች። በ1935 አባቷ ሞቱ። በ1937 እህቷ ሁለት ሴት ልጆች ትታ ሞተች፤ ካርሰንና እናቷም ልጆቹን ወሰዱ። ዶክትሬት የላትም እያሉ በኋላ የዘለፏት ሰዎች ይህን ታሪክ አላነሱም። እኛ ግን ከሠልጣኞቻችን መካከል የታናናሾቹን ጉሮሮ የሚደፍን ስንት እንዳለ ስለምናውቅ አለፍ ማለት አልሆነልንም።

መተዳደሪያ ያገኘችው በመንግሥት የዓሣ ሀብት ቢሮ ነው። መጀመሪያ ስለ ባሕር ፍጥረታት የሰባት ደቂቃ የሬዲዮ ጽሑፍ ታዘጋጅ ነበር፤ ባለሙያዎቹ ቢሞክሩት የሚሰማቸው አልተገኘም፤ እሷ ስትጽፈው ተሰማ። በ1936 የመንግሥት ፈተና አልፋ በቋሚነት ተቀጠረች፤ በዚያ ቢሮ በሙያ መደብ በቋሚነት የተቀጠረች ሁለተኛዋ ሴት እሷ ነበረች። ቀን የመንግሥትን ጽሑፍ እያረመች፣ ሌሊት የራሷን ትጽፍ ነበር። የመጀመሪያ መጽሐፏ በ1941 መጨረሻ ወጣ፤ አሜሪካ ወደ ጦርነቱ የገባችው በወሩ ነበርና መጽሐፉን የሚያየው ሰው ጠፋ። ሁለተኛው ግን ሌላ ነገር ሆነ። በ1951 የወጣው ስለ ባሕር የጻፈችው መጽሐፍ 86 ሳምንታት በብዛት ከተሸጡት መጻሕፍት ዝርዝር ሳይወርድ ቆየ፤ በ1952 የአገሪቱን ታላቅ የመጽሐፍ ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት ሥራዋን ለቃ በብዕሯ መኖር ጀመረች። በ1956 ደግሞ ልጆችን ከተፈጥሮ ጋር ስለማስተዋወቅ በአንድ መጽሔት ላይ ጽፋለች፤ ሐሳቡም ባጭሩ ለልጅ ስም ከማስጠናት በፊት እንዲደነቅ ማድረግ ይቀድማል የሚል ነው። ይህን ለማስተማሪያ ዘዴ መምህራኖቻችን ትተን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ።

ዲዲቲ ነፍሳትን እንደሚገድል ፓውል ሙለር የተባለ የስዊዘርላንድ ኬሚስት የደረሰበት በ1939 ነው፤ በ1948 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል። በጦርነቱ ዘመን የተስቦን ቅማልና የወባን ትንኝ በመግደል ብዙ ሺህ ሕይወት አትርፏል። ይህን መካድ አይቻልም፤ በተለይ እኛ አገር። በ1958 በኢትዮጵያ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህል እንደገደለ ይታወቃል፤ አያቶቻችን ቤታቸው ግድግዳ ላይ የተረጨውን ነጭ ዱቄት በምርቃት የሚያስታውሱት ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ጦርነቱ ሲያበቃ ፋብሪካዎቹ አላቆሙም። ዲዲቲና ዘመዶቹ በእርሻ፣ በጫካ፣ በመናፈሻ፣ በየመንደሩ ዛፍ ላይ በአውሮፕላን ይዘንቡ ጀመር።

ካርሰን ነገሩ ያሳሰባት ገና በ1945 ነው። በቢሮዋ ዲዲቲ በዱር እንስሳት ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት የሚደረገውን ሙከራ አይታ ለአንድ ታላቅ መጽሔት ልጻፍ ብትል አልፈልግም አላት። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አለፈ። በ1957 ከኒው ዮርክ አጠገብ ባለው በሎንግ አይላንድ የዛፍ ትል ለማጥፋት ተብሎ በነዳጅ ዘይት የተበጠበጠ ዲዲቲ ከአውሮፕላን ተረጨ፤ የሰው ጓሮ፣ የወተት ላም ግጦሽ፣ የዓሣ ኩሬ ሳይለይ። ነዋሪዎች ፍርድ ቤት ሄደው ተከራከሩ፤ ተረቱም። በ1958 መጀመሪያ ከማሳቹሴትስ አንዲት ወዳጇ፣ በመንደሯ ላይ ከተረጨ በኋላ ወፎች በግቢዋ ሞተው መገኘታቸውን ገልጻ ጻፈችላት። ካርሰንም ሌላ የሚጽፈው ሰው ብትፈልግ ስላላገኘች ራሷ ጀመረች።

የጀመረችበት ጊዜ እንዲህ ያለ ሥራ የሚጀመርበት አልነበረም። በ1957 ካሳደገቻቸው የእህቷ ልጆች አንዷ ሞታ የአምስት ዓመት ወንድ ልጅ ትታ ነበር፤ ካርሰን በ49 ዓመቷ እናት ሆነችው። በ1958 መጨረሻ ያቺ አስተማሪ እናቷ ሞተች። በ1960 ጡቷ ላይ በተገኘ እባጭ ምክንያት ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ሐኪሟ ካንሰር መሆኑን በጊዜው አልነገራትም። የነገሯት ሌላ ሐኪም ዘንድ ስትሄድ፣ ከተሠራጨ በኋላ ነው። እንግዲህ አራት ዓመት ሙሉ የሠራችው፣ በሺህ የሚቆጠሩ ጥናቶች ያገላበጠችው፣ ልጅ እያሳደገችና በጨረር እየተቃጠለች ነበር።

መጽሐፏ «ጸጥ ያለው ጸደይ» በሚል ስም ሊተረጎም ይችላል። የእነርሱ ጸደይ ከበረዶው ክረምት በኋላ ወፎች የሚመለሱበት ወቅት ነው፤ ለእኛ የመስከረምን ስሜት የሚሰጥ። ወፍ የማይንጫጫበት መስከረም ማለት ነው። ስለ ወፎቹ ሁሉም ሰው ስለሚያወራ እኛ እንለፈውና ስለ ውሃ በጻፈችው ምዕራፍ ላይ እንቆይ፤ የጓደኛችን መልስ ያለው እዚያ ነውና።

ካርሰን በመጀመሪያ ያስረዳችው ነገር እኛ በጂኦግራፊ የተማርነውን ነው። ዝናብ በአፈሩ ቀዳዳ እየሰረገ ይወርዳል፣ የዓለቱ ክፍተት በውሃ እስከተሞላበት ደረጃ ይደርሳል፣ ከዚያም ቀስ እያለ ወደ ጎን ይጓዛል። አንዳንዱ በዓመት ጥቂት ሜትር ብቻ ይሄዳል። በመጨረሻ በምንጭ ይወጣል ወይም በጉድጓድ ይቀዳል። ከርሰ ምድር ውስጥ ፀሐይ የለም፤ ሙቀቱ ዝቅተኛ ነው፤ ረቂቅ ሕዋሳቱም ከላይኛው አፈር ያነሱ ናቸው። ስለዚህ ከላይ ቢሆን ቶሎ የሚፈራርሰው ኬሚካል እዚያ ከደረሰ ዓመታት ይቆያል። ወንዝ ቢበከል ዓሣው ሞቶ ይታያል። የጉድጓድ ውሃ ቢበከል ምን ይታያል? ምንም። ውሃው ጠርቶ ይቀዳል፤ ቀዝቃዛ ነው፤ ይጣፍጣል።

ምሳሌ ያደረገችው በኮሎራዶ ክፍለ ግዛት በዴንቨር ከተማ አጠገብ የሆነውን ነው። ሮኪ ማውንቴን በሚባለው የጦር ኃይሉ የኬሚካል ፋብሪካ ከ1943 ጀምሮ የጦር ኬሚካል ይሠራ ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ ፋብሪካው ለአንድ የነዳጅ ኩባንያ ተከራይቶ የነፍሳት መግደያ ማምረት ያዘ። የፋብሪካው ቆሻሻ በሜዳ በተቆፈሩ ኩሬዎች ይጠራቀም ነበር። ኩባንያው ከመግባቱም በፊት ኪሎ ሜትሮች ርቀው ያሉ ገበሬዎች ከብቶቻችን ታመሙ፣ ሰብላችን ቢጫ ሆኖ ቀረ እያሉ አቤት ማለት ጀምረው ነበር። ሰብላቸውን የሚያጠጡት ከጉድጓድ ነው። በ1959 የክፍለ ግዛቱና የፌዴራሉ መሥሪያ ቤቶች አጥንተው ሲጨርሱ ጉድጓዶቹ ውስጥ አርሴኒክን ጨምሮ ልዩ ልዩ የኬሚካል ጨዎች ተገኙ። ቆሻሻው ከኩሬው ተነሥቶ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ካለው እርሻ ለመድረስ የፈጀበት ጊዜ ከ7 እስከ 8 ዓመት ነው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። በአንዳንዶቹ ጉድጓዶች ውስጥ የአረም ማጥፊያው ቱ ፎር ዲ ተገኘ። ያ ጓደኛችን የጠየቀው ራሱ! በፋብሪካው ግን ቱ ፎር ዲ ተሠርቶ አያውቅም። ኬሚስቶቹ ደጋግመው መርምረው የደረሱበት መደምደሚያ፣ በኩሬው ውስጥ የተጣሉት ልዩ ልዩ ኬሚካሎች ከአየር፣ ከውሃና ከፀሐይ ጋር ሆነው ማንም ሳይቀምመው ራሳቸው ሠርተውታል የሚል ነበር። ከዚህ በመነሣት ካርሰን ያሳሰበችው፣ እያንዳንዱ መርዝ ለብቻው ቢመረመርም ከመሬት በታች ሲገናኙ የሚሆነውን የሚያውቅ የለም፤ ውሃ ደግሞ ድንበር ስለማያውቅ በአንድ ቦታ ያለ የከርሰ ምድር ውሃ መበከል የሁሉም ስጋት ነው የሚል ነበር።

ሕጉስ ምን ይል ነበር? ይህችን ነገር መምህራኖቻችንም በደንብ እንዲያዩልን እንፈልጋለን። የ1947ቱ የአሜሪካ ሕግ ፀረ ተባይ ሁሉ ከመሸጡ በፊት በእርሻ ሚኒስቴር ይመዝገብ ይላል። ደስ ይላል። ነገር ግን ሚኒስቴሩ ይህ መርዝ አደገኛ ነው፣ አልመዘግብም ቢል፣ አምራቹ ተቃውሞዬን አስመዝግቡልኝ ብሎ መሸጡን ሊቀጥል ይችል ነበር። ጉዳቱን ማረጋገጥ ያለበት ደግሞ መንግሥት ነበር። ደብተሩ ላይ ስህተት ነው ተብሎ ኤክስ የተደረገበት ተማሪ አልስማማም ብሎ ማርኩን ይዞ እንደመሄድ ነው። በምግብ ላይ ስለሚቀር መርዝ በ1954 ልክ ወጥቶለት ነበር። በመጠጥ ውሃ ውስጥ ግን ለእነዚህ ፀረ ተባዮች በስም ተጠቅሶ የተወሰነ አገር አቀፍ ልክ አልነበረም። ስለዚህ ገበሬው ጉድጓዱ ቢመረዝ፣ መርዙ የማን እንደሆነና ያሳመመው እሱ መሆኑን ራሱ ማረጋገጥ ነበረበት፤ እንዴት አድርጎ?

ጽሑፏ በጁን 1962 «ኒው ዮርከር» በተባለው መጽሔት በተከታታይ ወጣ፤ መጽሐፉም በሴፕቴምበር 27 ቀን ታተመ። ከዚያ በኋላ የሆነው ይገርማል። መጽሐፉ ገና ሳይታተም አንድ የኬሚካል ኩባንያ አሳታሚውን እከስሃለሁ ብሎ አስፈራራ። ሌላው ኩባንያ ፀረ ተባይ የሌለበት ዓመት ምን ዓይነት ረሃብና ወረርሽኝ እንደሚያመጣ የሚተርክ የፌዝ ጽሑፍ በመጽሔቱ አውጥቶ አሠራጨ። ስሜታዊ ሴት ናት ተባለች፤ ዶክተር አይደለችም ተባለች፤ ኮሚኒስት ሳትሆን አትቀርም ተባለች። ባል የሌላት ሴት ስለ መጪው ትውልድ ምን አገባት ያለም አልጠፋ። ልጅ እያሳደገች መሆኑን ማን ይንገረው።

እዚህ ላይ በተቃራኒው በኩል ያለውንም እውነት መሸሸግ የለብንም። መጽሐፉ ስለ መርዞቹ ጥቅም የሚለው ትንሽ ነው። ወባን የሚያውቅ ሰው ሲያነበው ይህ ይጎድለዋል፤ እኛም ጎድሎናል። ግን ዛሬም ድረስ በዲዲቲ መታገድ በአፍሪካ ለሞተው ሕዝብ ተጠያቂዋ እሷ ናት የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ይህ ትክክል አይደለም። ካርሰን ፀረ ተባይ ሁሉ ይከልከል አላለችም። ባልታወቀ መጠን፣ ባልተመረመረ ሁኔታ፣ ባልተጠየቀ ሕዝብ ላይ አይረጭ ነው ያለችው። በየማሳው ያለ ልክ ሲረጭ ትንኟ መርዙን እንደምትለምደውና ለወባ ሲፈለግ እንደማይሠራም አስጠንቅቃለች። በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነትም ዲዲቲን ከእርሻ ሲያስወጣ በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመከላከል እንዲውል ግን በር ትቶለታል።

ሌላም መታረም ያለበት ነገር አለ። ዲዲቲ ከአፈርና ከስብ ጋር የሚጣበቅ ስለሆነ ወደ ጉድጓድ በቀላሉ አይወርድም፤ በዓሣና በወፍ አካል ነው የሚጠራቀመው። ወደ ታች የሚወርዱት በውሃ የሚሟሙት ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ቱ ፎር ዲ ነው። እሱ ደግሞ በጤናማ አፈር ውስጥ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ በረቂቅ ሕዋሳት ስለሚፈራርስ ማሳ ላይ በልኩ ከተረጨ ብዙው ጉድጓድ ሳይደርስ ያልቃል። ነገር ግን በተረጨ ማግስት ከባድ ዝናብ ከጣለ፣ አፈሩ አሸዋማ ከሆነ፣ ወይም መርጫው ጉድጓድ አፍ ላይ ከታጠበ ሊደርስ ይችላል። መርጫው ምንጭ ዳር ሲለቀለቅ እያየን ነው ያደግነው፤ ባዶውም ጀሪካን የውሃ መቅጃ ሲሆን። ስሙንስ መድኃኒት አይደል የምንለው? ካርሰን የነፍሳት መግደያ የሚለውን ስም እንኳ አልተቀበለችም፤ የሚገድለው ሕያው ነገርን ሁሉ ስለሆነ ስሙም ይህንኑ ማሳየት አለበት ባይ ነበረች። አማርኛችንን ብትሰማ ምን ትል ነበር?

በኤፕሪል 3 ቀን 1963 አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ስለ መጽሐፉ ፕሮግራም አቀረበ። ማስታወቂያ ካስያዙት አምስት ድርጅቶች ሦስቱ ቀድመው ወጡ፤ ፕሮግራሙ ግን ቀረበ፤ ሚሊዮኖች አዩት። ካርሰን በረጋ ድምፅ፣ ሳትጮኽና ሳትቆጣ ተናገረች። በሜይ 15 የፕሬዝዳንት ኬኔዲ የሳይንስ አማካሪዎች ኮሚቴ ሪፖርቱን አወጣ፤ በዋና ዋናው ነገር እሷን የሚደግፍ ነበር። በጁን 4 ቀን 1963 በሴናተር ሪቢኮፍ ሰብሳቢነት ወደተቀመጠው የሴኔት ንኡስ ኮሚቴ ቀርባ መሰከረች።

በዚያ ቀን ካንሰሩ አጥንቷ ገብቶ ነበር። በጨረር ምክንያት ፀጉሯ ስለሳሳ ሰው ሠራሽ ፀጉር አድርጋለች። ይህን ከጥቂት ወዳጆቿ በስተቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ እንዳይነገርባትም አጥብቃ አሳስባ ነበር። ምክንያቱም ስለ ካንሰርና ስለ ኬሚካል የጻፈች ሴት ካንሰር እንደያዛት ቢታወቅ፣ የምትለው ሁሉ የሕመምተኛ ምሬት ነው ይባል ነበር። ስለዚህ ስለ ራሷ ምንም ሳትል ሌላውን ጠየቀች፦ ሰው በገዛ ቤቱ በሌሎች መርዝ እንዳይነካ መብቱ ይከበር፤ የአውሮፕላን ርጭት ይገደብ፤ ሌላ ዘዴ እያለ አዲስ መርዝ አይፈቀድ፤ ምዝገባው ለአንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት ብቻ ሳይሆን ጤናን ለሚጠብቁትም ይሁን። ልብ ካልን ይህ ሁሉ አንድ ነገር ነው። ጥያቄው ከሽያጭ በፊት ይጠየቅ፤ ጉድጓዱ ከተመረዘ በኋላ አይሁን።

ካርሰን በኤፕሪል 14 ቀን 1964 ሜሪላንድ ውስጥ በቤቷ ሞተች። 56 ዓመቷ ነበር። ከአስከሬኗ አመድ ከፊሉ በእናቷ መቃብር አጠገብ ተቀበረ፤ ከፊሉ በምትወደው በሜይን ባሕር ዳር ተበተነ።

በተቃውሞ መመዝገብ የሚባለው ያ የሕግ ቀዳዳ የተዘጋው በሜይ 1964፣ እሷ በሞተች በወሩ ነው። በ1970 የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተቋቋመና የፀረ ተባይ ምዝገባ ከእርሻ ሚኒስቴር ወጥቶ ወደዚያ ሄደ። በ1972 ዲዲቲ ለሰብል እንዳይረጭ ታገደ፤ በዚያው ዓመት የምዝገባው ሕግ ጤናንና አካባቢን መሠረት አድርጎ ተሻሻለ። በ1974 የመጠጥ ውሃ ደኅንነት ሕግ ወጣ፤ በ1975 መጨረሻ በወጣው ደንብም ስድስት ፀረ ተባዮች ለመጀመሪያ ጊዜ በስማቸው ልክ ተደረገላቸው። ከስድስቱ አንዱ ቱ ፎር ዲ ነው፤ በአንድ ሊትር ውሃ ከ0.1 ሚሊግራም እንዳይበልጥ።

ልክ ወጣ ማለት ግን ተጠበቀ ማለት አይደለም። በ1979 በዚያው በሎንግ አይላንድ፣ በድንች ማሳ የሚደረግ አልዲካርብ የተባለ መርዝ በጉድጓድ ውሃ ውስጥ ተገኘ። ይህ ለምርመራው ሳይታይ የቀረ አልነበረም፤ ሲመዘገብ ከአፈሩ ውስጥ ቶሎ ይጠፋል ተብሎ ነበር። አፈሩ አሸዋ ነው፣ ውሃው ቅርብ ነው፣ ዝናቡ ብዙ ነው። ከ8,000 በላይ ጉድጓዶች ተመርምረው ከ1,000 በላይ የሚሆኑት ከተወሰነው ልክ አልፈው ተገኙ፤ በ1980 መርዙ በዚያ ደሴት መሸጡ ቆመ። አውሮፓውያን በበኩላቸው በዚያው በ1980 እያንዳንዱ ፀረ ተባይ በአንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ከ0.1 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ወሰኑ። ቁጥሩ ለተማሪ እንዲገባ እንዲህ አሰላነው፦ አንድ ግራም መርዝ 10 ሚሊዮን ሊትር ውሃን እስከ ልኩ ያደርሳል፤ በርሜሉ 200 ሊትር ቢይዝ 50,000 በርሜል መሆኑ ነው። አንድ ግራም በሻይ ማንኪያ ጫፍ የምትነሳ ነገር ናት።

በአገራችንም ፀረ ተባይ ሳይመዘገብ ወደ አገር እንዳይገባና እንዳይሸጥ የሚያዝ የምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ በእኛ 2002 ወጥቷል፤ ቁጥሩ 674 ነው። አዋጁን ማንበብ የፈለገ ሠልጣኝ ቤተ መጻሕፍቱን ይጠይቅ። ጓደኛችን ደግሞ ለአባቱ ደውሎ መርጫውን የት እንደሚያጥቡት ጠይቋል፤ መልሱን ግን ለእኛ አልነገረንም፤ እኛም አልጎተጎትነውም።

ስለ ዴንቨሩ ፋብሪካ ሳንነግራችሁ እንዳንቀር። ቦታው በ1987 በአገሪቱ በአስቸኳይ መጽዳት ካለባቸው ሥፍራዎች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ፋብሪካው ፈረሰ፤ የተመረዘው አፈር ተነሣ፤ የመሬቱ ጽዳት በ2010 አለቀ። ዛሬ የዱር አራዊት መጠለያ ነው፤ በ2007 የአሜሪካ ጎሾች ተመልሰው ገብተውበታል። ጎሾቹ ሣሩን እየጋጡ ነው። ከሥራቸው ያለውን ውሃ ግን በፓምፕ እየሳቡ፣ መርዙን እያጣሩ ወደ መሬት የመመለሱ ሥራ የላዩ ጽዳት ካለቀ በኋላም አልቆመም።